ሳያይ የማይመድበው ጥሩነህ

የጥሩነህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጠኝና፣ «ከዚህ ካለፈ ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆም» አለኝ። በግማሽ ገጽ ውስጥ ሰውዬው ቢቸና ዙሪያ ተወለደ፣ ቅኔ ተማረ፣ ጉምሩክ ሠራ፣ ጡረታ ወጣ፣ አረፈ። ለሰማንያ ዓመት ሰው በጣም ፈጣን ሕይወት ነው። «ጉምሩክ ሠራ» የሚለው ሲነበብ ከኋላዬ የቆመ አንድ ለቀስተኛ ባልንጀራውን፣ «ጉምሩክ? ታዲያ ቤቱ ምነው?» ሲለው ሰማሁ። ባልንጀራውም፣ «እኔም እሱን ነው የማስብ» አለው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥሩነህ ቤት ቆርቆሮ ከዝገቱ ብዛት አልጋ ላይ ተኝተው ሰማይ የሚያዩበት ነው። መልሱ ግን ግማሽ ገጹ ላይ አልገባ አለኝ። እዚህ የፀሐይ ችግር ስለሌለ የቀረውን ልጻፍ። ወረቀቱ ላይ «አቶ ጥሩነህ ተወለዱ፣ አገለገሉ» ብዬ በአንቱታ ጽፌ ነበር። እዚህ እሱ እለዋለሁ፤ አንቱ ስለው ቢሰማኝ ምን አጥፍቼ እንደሆነ ሊጠይቀኝ ይነሣል።

የእኔ ስም ልየው ነው። እናቴ እንዲህ ብላ የሰየመችኝ አድጌ ለማየት ጓጉታ ይመስለኛል፤ አይታኝም ብዙ አልተደሰተችም። ከጥሩነህ ጋር አዲስ አበባ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠን ሠርተናል። እሱ መዳቢ ነበር፤ እኔም መዳቢ ነበርኩ፤ ደመወዛችን አንድ ስለነበር ልዩነታችንን መንግሥት አላወቀውም።

የምደባ ሥራ እንዲህ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ መርፌም፣ ትራክተርም፣ የደረቀ በርበሬም። ቁጥሩ ያለው የዓለም ዕቃ በምዕራፍና በአንቀጽ ተከፋፍሎ በተጻፈበት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ነው። መዳቢው ዕቃውን አይቶ፣ «ይህ የዚህ ምዕራፍ፣ የዚህ አንቀጽ ነው» ይላል። ከተሳሳተ የሚገባው ይከለከላል፣ የሚከለከለው ይገባል፣ በነፃ የሚያልፈው ይቀረጣል። መዳቢው ግን አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳውን ይበላል።

ጥሩነህ ወደዚህ መጽሐፍ የመጣው ከቅኔ ቤት ነው። መምህር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትቶት ወጣ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ራበኝ» አለኝ። ትምህርቱን ግን ይዞት ነው የመጣው። «የዕቃ ስም ሰሙ ነው፤» ይል ነበር። «ነጋዴ ሰሙን ጽፎ ይሰጥሃል። ወርቁን ሳጥኑን ከፍተህ አንተው ፈልግ።» አንድ ጊዜ «አሻንጉሊት» ተብላ የተጻፈች ቆንጆ ዕቃ መጣች። ቢሮው ሁሉ ለልጁ ተመኛት። ጥሩነህ ገልብጦ ሆዷን አየና፣ «አምፖል አለባት፤ የጠረጴዛ መብራት ናት» ብሎ መለሳት። ምኞታችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

መገልበጥ ልማዱ ነበር። «ዕቃም ሰውም ከሆዱ ነው የሚታወቅ» ባይ ነው። መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ከዚያ በጥፍሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ያሸታል፣ በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጥሩን ይናገራል። ሰርግ ቤት እንኳ ወጥ ሳይወጣለት የተሰጠውን ሳህን ገልብጦ ያያል። አንድ ጊዜ ወጥ ከወጣለት በኋላ አየው። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከዚያ ወዲህ ሰርግ ብቻዋን ትሄድ ጀመር።

ለለቀስተኛውም መልሱ እዚሁ ነው። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ አንድ ነጋዴ የሰባ በግ ይዞ ደጁ ድረስ መጣ። ጥሩነህ በጉን አስተኝቶ ሆዱን አየ፤ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፤ አሸተተው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ምዕራፍ አንድ። ሕያው እንስሳ። ወደ መጣበት ይመለስ» አለ። ነጋዴው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ጥሩነህ በሩን ዘጋ። በጉ እየጮኸ ሲሄድ እኔ መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። ምን እንዳደረግሁ አልናገርም፤ የእኔን ቤት ያየ ግን እንዳልተሳካልኝ ያውቃል።

እኔንም መድቦኛል። መጽሐፉ ውስጥ፣ ያልተሟላ ዕቃ ዋናው ጠባዩ ካለው እንደ ተሟላ ይቆጠራል የሚል ሕግ አለ። አንድ ቀን ኮቴን ገልብጬ ለብሼ ቢሮ ስገባ አየኝና፣ «አንተ ያልተሟላህ ነህ» አለኝ። «ግን ዋናው ጠባይህ ስላለ እንደ ሙሉ ሰው እንቆጥርሃለን።» በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት ትልቁ ሹመት እሱ ነው።

ያልተሟላሁ መሆኔን ለማወቅ ብዙ አልቸገረውም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ቀለም ፋብሪካ ዕቃ ዝርዝር መጣልኝ። በእንግሊዝኛ «ድራም» ይላል፣ አራት መቶ። እኔ በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ። ድራም ሲባል የማውቀው አንድ ነገር ነው። «ከበሮ» ብዬ ጻፍኩና በሙዚቃ መሣሪያ ምዕራፍ መደብኩት። አለቃችን ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ልየው፣ የቀለም ፋብሪካው አራት መቶ ከበሮ ምን ያደርግለታል?»

«ሠራተኛው ብዙ ይሆናላ» አልኩ።

ጥሩነህ እጄን ይዞ ወደ መጋዘን ወሰደኝ። አራት መቶ ባዶ የብረት በርሜል ተደርድሯል። አንዱን በጥፍሩ መታው። ጓ አለ።

«ድምፁስ ይመስላል» አልኩት።

«ይመስላል» አለኝ ሳይስቅ። «ለየትኛው ደብር ልላክልህ?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ጡረታ ወጣን። እሱ ቢቸና ገባ፤ እኔ ሞጣ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር፤ የሞጣ ነጋዴዎች ግን ከውጭ ዕቃ ሊያስመጡ ሲያስቡ፣ «ቁጥሩ ምን ይሆን?» እያሉ ይመጡብኝ ጀመር። እኔ ናሙናውን በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ቢቸና እሄዳለሁ። ጥሩነህ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል፣ ይገለብጣል፣ ያሸታል፣ ይናገራል። እኔ ተመልሼ የራሴ ሐሳብ አስመስዬ እናገራለሁ። ሞጣ ውስጥ «ልየው ሊቅ ነው» ይባል ነበር። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ሐጂ ኑሩ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ዘይነባ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም። በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች፤ ስፌቷን ያየ ሌላ ሰፊ አይሄድም። ገበያው አጠገብ ሱቅ አግኝታ ነበር። ችግሩ ከቤት የሚያወጣት የእናቷ ጀርባ ብቻ መሆኑ ነው፤ የእናትየው ወገብ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ከእንግዲህ ሸክም የለም ተብሏል። ጅዳ ያለው ወንድሟ ይህን ሲሰማ በባትሪ የምትሄድ ወንበር ገዝቶ ላከላት። ወንበሯ አዲስ አበባ ደረሰች። ዕቃ አስተላላፊው ለሐጂ ደውሎ፣ «ምን ብዬ ላስመዝግባት?» አላቸው። ሐጂ ለእኔ ደወሉ።

ጥሩነህ በዚያ ሳምንት ልቡን አሞት ተኝቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ «ይቆዩኝ» እል ነበር። ግን ሊቅ ነኝ።

«ሐጂ፣ ሞተር አላት?» አልኳቸው በስልክ።

«አላት አለ ልጄ። በባትሪ ነው።»

«ጎማስ?»

«አራት።»

«መሪስ አላት ወይ?»

ሐጂ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «አላት እንጂ፣ አልሐምዱሊላህ! ያለ መሪማ እንዴት ከቤት ትወጣለች?» አሉኝ።

ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? «ባለ ሞተር፣ ባለ አራት ጎማ፣ ባለ መሪ ተሽከርካሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቁጥሩን ሰጠሁ፤ ፈረምኩም። አስተላላፊው የተጻፈለትን አስመዘገበ።

ደብዳቤ መጣ። ተሽከርካሪ ስለሆነች የሻንሲ ቁጥሯ፣ የተሠራችበት ዘመንና የሌላም የሌላም ማስረጃ ይቅረብ ይላል። በአሥር ቀን ውስጥ ካልቀረበ ወይም ምደባው እንደገና እንዲታይ ካልተጠየቀ፣ እንደ ተተወ ዕቃ ትቆጠራለች። ቀረጡ ደግሞ ከወንበሯ ዋጋ በልጦ ሌላ ወንበር የሚገዛ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ዘይነባ ከስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ልየው፣ ታርጋዬ ደረሰ?»

«ዘይነባ፣ እኔ…»

«መንጃ ፈቃድስ በስንተኛ ደረጃ ላውጣ? የሕዝብ ነው የጭነት?»

ሐጂ፣ «ተይ እንጂ፣ ሽማግሌ ነው» አሏት። እሷ ክሯን በጥርሷ ቆረጠች።

«እማዬ ትናንት በረንዳው ላይ ተሸክማኝ ወደቀች» አለች። «እስከ አሁን አልተነሣችም። እየሳቅሁ የምነግርዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ቢቸና ነበርኩ። ጥሩነህ አልጋው ላይ ነው፤ እግሮቹ አብጠዋል። ልጁ ትርንጎ ትራስ ደግፋ አስቀመጠችው። ሁሉንም ነገርኩት፣ እንደ ንስሐ። መጨረሻ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«መሪ እንዳላት በምን አወቅህ?»

«ጠየቅኋ።»

«በምን ቃል ጠየቅኸው?»

«‹መሪስ አላት ወይ?› አልኳቸው።»

«አላት? ማን ናት እሷ?»

«ወንበሯ ናታ!»

«ለአንተ» አለ። «ለሐጂስ?»

«ለሐጂም ወንበሯ ናታ!»

«ስለ ወንበር ስትጠይቅ ቆይተህ ለልጁ ያዘንክ መሰለው። የሚመራት ሰው አለ ወይ ያልከው መስሎት እናቷን ነው የነገረህ። አንተ የእናቲቱን ወገብ መሪ ብለህ ጽፈህ ፈረምክበት።» ትንሽ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቅኔ ቤት ብትሆን መምህሬ ከመቀመጫው ይነሣልህ ነበር። ለልጅቱ ግን ምን ይጠቅማታል?»

ጠቅላላ ጥናቴ በአንዲት «አላት» ላይ ተደረመሰ። ሰው ወንበርን እሷ ባይል ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ሊቅ ነበርኩ።

«በል እሺ፣ ትክክለኛውን ቁጥር ስጠኝና ልሩጥ» አልኩት። «ፎቶዋ ስልኬ ላይ አለ።»

«ያላየሁትን አልመድብም።»

«አያ ጥሩነህ፣ ይኸው ፎቶው!»

«ፎቶ ሆድ የለውም። በመሪ የምትዞር ከሆነች አንተ ልክ ነህ፤ ተሽከርካሪ ናት። ለሕመምተኛ የተሠራች ከሆነች ሌላ አንቀጽ አላት። ፎቶ አይቼ ብሳሳት ሁለተኛ አያዩልንም። ጫማዬን አምጪ ትርንጎ።»

ትርንጎ በሩ ላይ ቆመች። «አባባ የትም አይሄድም! ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳትወጣ ብሎታል።»

«መጋዘን ደረጃ የለውም» አላት።

ሰኞ ጠዋት ከቢቸና በሚኒባስ ደጀን፣ ከደጀን በአውቶቡስ ዓባይን ተሻገርን። ጫማው ክሩ ተፈቶ እንኳ ጠቦታል። ትርንጎ አኩርፋ ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ነን። ደጀን ላይ ምሳ አዘዝኩ፤ እሱ አልበላም፤ ትርንጎም አልበላችም። የሦስታችንንም እኔ በላሁት። ጭንቀት እንዲህ ያደርገኛል። ደስታም እንዲሁ ነው።

አዲስ አበባ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ አንድ ወጣት መኮንን ተቀበለን። ጨዋ ልጅ ነው።

«አባባ፣ ይቺኛዋ ተመድባ አልቃለች። ራሳችሁ ናችሁ ተሽከርካሪ ናት ብላችሁ ያስመዘገባችሁ።»

«ልክ ነህ ልጄ፤ ጥፋተኛው ይኸው አብሮኝ መጥቷል» ብሎ ወደ እኔ በአገጩ ጠቆመ። «ውሳኔ ልለውጥ አልመጣሁም። ዕቃዋን ልይ ብቻ።»

ላስቲኩ ተገፈፈ። ጥሩነህ መገልበጥ አልቻለም፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ ተኛ። ትርንጎ ጮኸች። እሱ በጀርባው ተንፏቆ ወንበሯ ሥር ገባና ከዚያ ሆኖ ይናገር ጀመር።

«ጻፍ ልየው። መሪ የላትም። ከኋላ እንዳትገለበጥ ሁለት ትንንሽ እግር አላት። የእግር ማሳረፊያ አላት፣ ይታጠፋል።» ወጣ። ወርዷን በክንዱ ለካ። «አንድ ክንድና ስንዝር። በቤት በር ታልፋለች።» የእጅ መደገፊያውን ዳበሰ፤ ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ዘንግ አገኘ። «የምትዞረው በዚች ናት። ጣት ካለህ እግር አያስፈልግህም።»

ከዚያ ተቀመጠባት። መኮንኑ ሊከለክል እጁን አነሣ፤ የጥሩነህን እግር አየና እጁን መለሰ።

«ልጄ፣ ከጎኔ ሂድልኝ። እንደ ደንብህ ሂድ፣ አትሩጥ።»

ጥሩነህ ዘንጓን እስከ መጨረሻ ገፋት። ወንበሯ እያንቋረረች ሄደች። መኮንኑ በሳጥኖቹ መካከል ከጎኑ ይራመዳል። የመጋዘኑ ጫፍ ላይ መኮንኑ ቀድሞ ደረሰ።

«ቀደምከኝ?» አለው ጥሩነህ።

«ቀደምኩዎት።»

«ሰው በእግሩ የሚቀድመው መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

መኮንኑ አሰበ። እኔ ከቢቸና የመጣንበትን ሚኒባስ ልጠቅስ ፈልጌ ትርንጎ ዓይኗን ስታፈጥብኝ ተውኩት።

«አላውቅም» አለ መኮንኑ።

ጥሩነህ ዓይኑን ጨፈነ። «ምዕራፍ ሰማንያ ሰባት፣ አንቀጽ አሥራ ሦስት። የአካል ጉዳተኞች መንቀሳቀሻ።» ዓይኑን ሲከፍት ላብ አጥምቆታል።

መኮንኑ ራሱ ለካ፣ ራሱ ፎቶ አነሣ። ምደባው እንደገና እንዲታይ ግን ማመልከቻ ያስፈልጋል አለ። ወረቀቱን ለጥሩነህ ሰጠው። ጥሩነህ ወደ እኔ አሳለፈው። «የተሳሳተው ይጻፍ፤ የተሳሳተው ይፈርም።» እኔም ጻፍኩ፦ «መሪ አላት ወይ ብዬ የጠየቅሁት ስለ ወንበሯ ሲሆን የተመለሰልኝ ስለ ልጅቱ ነው። ስለዚህ መሪ ተብላ የተመዘገበችው የልጅቱ እናት ናት። ወንበሯ መሪ የሌላት መሆኗን፣ ተሽከርካሪም አለመሆኗን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» መኮንኑ ሦስት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበሯ ሞጣ ገባች። ዘይነባ ሱቋን የከፈተችው በገበያ ቀን ነው። እኔ ምስጋና ልቀበል ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሱቁ በር ላይ ቆሜያለሁ። በመንገዱ ታች ብቅ አለች፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ሰዉ ግራና ቀኝ እየለቀቀላት። እናቷ ከጎኗ ትራመዳለች፤ ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት አንዴ ወገቧ ላይ፣ አንዴ ነጠላዋ ውስጥ ታስገባዋለች። ዘይነባ እኔ ዘንድ ስትደርስ ለመዞር ዘንጓን ገፋች። ወንበሯ ቀኝ እግሬ ላይ ወጣች።

«ወይኔ ጋሽ ልየው!» ብላ ደንግጣ ቆመች። የቆመችው እግሬ ላይ ነው።

«ውረጂ እንጂ!»

«በየት በኩል ነው የሚወረድ?»

ሲያወርዷት አንድ መንገደኛ፣ «ምን ታያላችሁ፣ ትራፊክ ይጠራ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሐጂ ኑሩ በጣም በትሕትና፣ «አይሆንም ወንድሜ» አሉት። «ተሽከርካሪ አይደለችም ብሎ የፈረመው ራሱ ተገጪው ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ለጥሩነህ ደወልኩ። ከማረፉ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ከመንገዱ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣም ነበር። ዘይነባ ሱቋን መክፈቷን ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማ። የእናትየውን ባዶ እጆች ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማ። የእኔን እግር ነገርኩት፤ ሐጂ ያሉትንም ነገርኩት። ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ የተቆራረጠ፣ ድርቅ ያለ ድምፅ መጣ። አላቆም አለ። ደነገጥኩ።

«አያ ጥሩነህ! ውሃ ጠጣ! ትርንጎ የለችም እንዴ?»

ስልኩን ትርንጎ ተቀበለች። ድምፅዋ እንባ እንባ ይላል።

«ጋሼ፣ ምን ብለውት ነው?» አለችኝ። «አባባ እኮ እየሳቀ ነው።»

አርባ ዓመት ሳውቀው ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ሳል ብዬ መድቤው ነበር።